ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ኩባንያው የት ጠፋ?

ጥያቄው እንዲህ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦ «ሬዲዮ ላይ ጀማሪ ዜና አዘጋጅ ነኝ። ፖለቲከኞች ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ሲያወሩ የሚመርጧቸው ቃላት፣ ‹ሥራ ፈጣሪ›፣ ‹ቢሮክራሲ ቅነሳ›፣ ‹የሸማቹ ነፃነት› ምናምን፣ የምር የሕዝቡን አመለካከት ይለውጣሉ? ወይስ ሰው ቀድሞም ነቅቶባቸዋል? ከለወጡስ እኔ ዜና ስጽፍ የትኛውን ቃል ልጠቀም?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ፦ አዎ ይለውጣሉ። ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚያስበው መራራውን ነገር ማር ቀብተው ያስውጡናል ብሎ ነው። እንደዛ ቢሆን ኖሮ ሥራሽ ቀላል ነበር፤ ማሩን ጠርገሽ መራራውን ማሳየት ነው። እኔ የምርጫ ቅስቀሳና የሕግ ረቂቅ ማንበብ እንጀራዬ ነው፣ የታዘብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ደግ ሆነ ክፉ፣ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማን አለ፣ ማንስ ወጥቷል የሚለው ነው። ማን አደረገው? ማን ከፈለ? ማን አተረፈ? ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሰሚው ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ንግግሩን ያዘጋጀው ሰው ደግሞ ግምቱ ወዴት እንደሚያዘነብል አሳምሮ ያውቃል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌዎቼ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአሜሪካ የሆኑት ደግሞ እዛ ስለሚብስ አይደለም። በፍርድ ቤት ክርክርና በምርጫ ገንዘብ ሕግ ምክንያት ብዙ ወረቀት አደባባይ ስለወጣ ነው።)

ከሁሉ የሚገርመኝ የሴፕቴምበር 2008ቱ ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ባንክ ከስሯል፣ ገበያው እየተንኮታኮተ ነው፣ የአሜሪካ መንግሥትም የፋይናንስ ተቋማትን ለማዳን 700 ቢሊዮን ዶላር ይፈቀድልኝ እያለ ነው። በዚያው ሰሞን ሁለት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ተካሄዱ። አንዱ የፒው የምርምር ማዕከል ነው። ጥያቄው በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ መንግሥት የፋይናንስ ተቋማትና ገበያዎች እንዳይናጉ ቢሊዮኖችን ኢንቨስት ሊያደርግ ነው፤ ትክክል ነው ወይስ ስህተት? ከመቶ 57ቱ ትክክል ነው አሉ፣ 30ው ስህተት ነው አሉ። ሁለተኛው የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣና የብሉምበርግ ዜና ድርጅት ነው። የነሱ ጥያቄ ደግሞ፦ መንግሥት የተንገዳገዱ የግል የፋይናንስ ድርጅቶችን በግብር ከፋዩ ገንዘብ ያድን ወይስ የግል ኩባንያን መታደግ የመንግሥት ኃላፊነት አይደለም? እዚህ ላይ ያድን ያለው 31 በመቶ ብቻ ነው። 55 በመቶው የመንግሥት ሥራ አይደለም አለ።

ያው አገር፣ ያው ሰሞን፣ ያው ገንዘብ።

ይህን ያየ ሁሉ «ሕዝቡ ወላዋይ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ አይመስለኝም። ጥያቄዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጪና ሰዎቹን ቁጠሪ። የመጀመሪያው ውስጥ ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት አለ፣ የሚረጋጋ ገበያ አለ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ኪሱ የሚከት ኩባንያ ግን የለም። ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍልም የለም። ሁለተኛው ውስጥ ሁለቱም አሉ። ተጠያቂው አቋሙን አልቀየረም፣ የቀረበለት ታሪክ ነው የተለየው። በአንደኛው ታሪክ ውስጥ መንግሥት ጎርፍ እየገደበ ነው፣ በሁለተኛው ግን ካንዱ ወስዶ ለሌላው እየሰጠ ነው። ደግሞ ሁለቱም ጥያቄዎች ውሸት የለባቸውም፣ ይሄ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው።

ሁለተኛ ማስረጃ ልጨምር። በጃንዋሪ 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቲዝንስ ዩናይትድ በሚባለው መዝገብ፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከእጩዎቹ ጋር ሳይመካከሩ በራሳቸው ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይችልም ብሎ 5 ለ 4 ወሰነ። ከውሳኔው በፊት፣ በ2009 መገባደጃ፣ ጋለፕ የተባለው ተቋም ሰዉን ጠይቆ ነበር፤ ለእጩዎች የሚሰጥ ገንዘብ በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ የመናገር ነፃነት ነው ወይ? 57 በመቶው አዎ አለ። ከውሳኔው በኋላ ደግሞ ኤቢሲና ዋሽንግተን ፖስት ጠየቁ፤ ኩባንያዎችና ማኅበራት እጩ ለማስመረጥ የፈለጉትን ያህል ገንዘብ ያውጡ የሚለውን ውሳኔ ትደግፋለህ? 80 በመቶው እቃወማለሁ አለ። አየሽ፣ በመጀመሪያው ገንዘቡ ባለቤት የለውም። «የሚሰጥ ገንዘብ» ነው። በሁለተኛው ሰጪው ስም አለው።

እዚህ ላይ ፍሬን ልያዝ። ከኔ ሙያ ሰዎች ውስጥ ቃል ሁሉን ይገዛል የሚሉ አሉ። ያጋንናሉ። ሰው በሚያውቀውና በኑሮው በደረሰበት ጉዳይ ላይ ቃል ብዙ አያንቀሳቅሰውም። ሁለት ተቃራኒ አቀራረቦችን እኩል ሲሰማም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ሰውየው ወደ ቀድሞ እምነቱ ይመለሳል። ቃል ጉልበት የሚያገኘው ጉዳዩ ሩቅና ውስብስብ ሲሆን፣ የሚሰማውም አንድ ወገን ብቻ ሲሆን ነው። የኩባንያ ተጽዕኖ እንግዲህ በተፈጥሮው እንደዚህ ያለ ጉዳይ ነው። የባንክ ካፒታል መስፈርት ሲሻሻል ማን በኑሮው ያውቀዋል?

አሁን ኩባንያው ከዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚወጣ ላሳይሽ። የምወደው ታሪክ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው። 1920ዎቹ ናቸው። መኪና ከተማ ውስጥ እየበዛ ነው፣ ሰው ይገጫል፣ በተለይ ሕፃናት። ጋዜጣው ቁጣውን የሚያወርደው ሹፌሩና መኪናው ላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን አስተሳሰብ መንገድ የሁሉ ነው፣ ልጅም ይጫወትበታል። በ1923 ሲንሲናቲ ከተማ 42,000 ያህል ሰው ፈርሞ አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ፦ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሮጥ የሚያግድ መሣሪያ ይገጠምለት። የመኪናው ንግድ ሰዎች ክው አሉ። ተባብረው ዘመቱ፣ ሐሳቡም ወደቀ።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመኪና አምራቾች ማኅበር ለጋዜጦች አንድ አገልግሎት አዘጋጀ። ጋዜጠኛው የአደጋውን ጥሬ መረጃ ብቻ ይልካል፤ ቦታ፣ ሰዓት፣ የተጎዳ ሰው። ማኅበሩ አሰናድቶ፣ አሳምሮ፣ ለኅትመት የተዘጋጀ ዜና አድርጎ ይመልስለታል። በነፃ! ሥራ የበዛበት አዘጋጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በነዚያ ዜናዎች ውስጥ ጥፋቱ ወደ እግረኛው ዞረ። እንዳገኘ መንገድ ለሚያቋርጥ ሰውም «ጄይዎከር» የሚል መጠሪያ በዘመቻ ተስፋፋ፤ ስድብ ነው፣ ከተማ ያልገባው ገጠሬ እንደማለት። ከዚያ እንዳገኙ ማቋረጥን መከልከል ሕግ ሆነ።

ልብ በይ፣ ማንም «መኪና ደግ ነው» ብሎ አልተከራከረም። የመኪና ንግድ የሚባል ነገር ከወሬው ወጣ፣ በቦታው ግድየለሽ እግረኛ ገባ። አለቀ።

ይኸው ዘዴ በ1950ዎቹ ተደገመ። በ1953 የቨርሞንት ግዛት ተመላሽ በማይሆን ጠርሙስ ቢራ መሸጥ ከለከለ። በዚያው ዓመት የጣሳና የጠርሙስ አምራቾች ያሉበት «ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የጽዳት ዘመቻ ነው ብሎ ያስባል፣ ደግሞም የጽዳት ዘመቻ ነው። በ1971 የለቀቀው ማስታወቂያ እስከዛሬ ይታወሳል፤ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ቆሻሻ እግሩ ሥር ሲጣል አይቶ ያለቅሳል። (ተዋናዩ የጣሊያን ዝርያ መሆኑ በኋላ ታወቀ፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው።) መፈክሩ «ብክለትን የሚጀምሩት ሰዎች ናቸው፤ የሚያቆሙትም ሰዎች ናቸው» የሚል ነበር። ሰዎች! ተመላሽ ጠርሙስን ትቶ የሚጣል ዕቃ ያመጣው ኢንዱስትሪ የት ሄደ? በማስታወቂያው ማዶ፣ በየግዛቱ የጠርሙስ መያዣ ሕግ (ገዢው ተጨማሪ ሳንቲም አስይዞ ጠርሙሱን ሲመልስ የሚቀበልበት) እንዳይወጣ እየታገለ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ወደኛ ዘመን ሲመጣ ደግሞ «የካርበን አሻራ» አለልሽ፤ አንድ ሰው በኑሮው ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን ማለት ነው። ሐሳቡ በ1990ዎቹ ምሁራን ስለ ሥነ ምህዳር አሻራ ከጻፉት የመጣ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን የየግለሰቡ የካርበን አሻራ ስንት ነው የሚለውን ጥያቄ በሰፊው ካሰራጩት አንዱ ቢፒ ነው፣ የነዳጅ ኩባንያው። በ2004 ኢንተርኔት ላይ ማስያ ከፍቶ ሰዉ የራሱን እንዲቆጥር ጋበዘ። የግለሰብ ጥንቃቄ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ነዳጅ የሚያወጣው ኩባንያ «ያንተ አሻራ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ እንደተቀያየሩ ማየት አለብን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ተረት ላስተካክል። ፍራንክ ለንትዝ የሚባል የሪፐብሊካን ፓርቲ የቃላት አማካሪ በ2002 በጻፈው ማስታወሻ፣ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው «የዓለም ሙቀት መጨመር» ከሚለው ያነሰ ያስፈራልና እሱን ተጠቀሙ ብሎ መከረ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ ቃሉን እሱ ፈጠረው ይላል። አልፈጠረውም። በ1988 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት የሳይንስ ፓናል ስሙ ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» አለበት። ቃሉ ልዩነት አያመጣም ማለት አይደለም፤ በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ ሪፐብሊካኖች «የዓለም ሙቀት እየጨመረ ነው ወይ?» ሲባሉ 44 በመቶው፣ «የአየር ንብረት እየተለወጠ ነው ወይ?» ሲባሉ 60 በመቶው አዎ ብለዋል። ዲሞክራቶቹ በሁለቱም ከ86 በመቶ በላይ፣ ንቅንቅ የለም። ለኔ ግን የዚያ ማስታወሻ ትልቁ ምክር ሌላው ነው፦ ሳይንሱ ገና እርግጠኛ አይደለም የሚለውን ዋና ርዕስ አድርጋችሁ ያዙ ይላል። ይህ ምክር ደግሞ የቆየ ነው። በ1969 የአንድ ትምባሆ ኩባንያ፣ የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን፣ የውስጥ ማስታወሻ «ጥርጣሬ ምርታችን ነው» ይላል፣ በዚሁ ቃል። ጥርጣሬ ምን ይሠራል? ክርክሩን በሲጋራ ሻጩና በታመመው ሰው መካከል ከመሆን አውጥቶ በሳይንቲስትና በሳይንቲስት መካከል ያደርገዋል። ኩባንያው ጥግ ይዞ ተመልካች ይሆናል። ለንትዝ በበኩሉ በ2019 ሴናተሮች ፊት ቀርቦ ያኔ ተሳስቼ ነበር ብሏል፣ ቃሉ ግን ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል።

ሌላው መንገድ ኩባንያው ሕዝብ መስሎ መቅረቡ ነው። እዚህ ላይ ካሊፎርኒያን የሚያክል ትምህርት ቤት የለም። በ1994 «ፕሮፖዚሽን 188» የሚባል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። አቅራቢው ቡድን ስሙ ሲተረጎም «ግዛት አቀፍ የማጨስ ገደብ የሚሹ ካሊፎርኒያውያን» ነው። ፊርማ የሚሰበስበው ሰው በርሽን አንኳኩቶ «ማጨስን ለመገደብ ነው» ቢልሽ አትፈርሚም? ዋናው ገንዘብ ሰጪ ግን ፊሊፕ ሞሪስ ነበር፣ የማርልቦሮው። ሐሳቡ ግዛት አቀፍ ገደብ ያወጣል፣ እውነት ነው፤ ገደቡ ግን ከተሞች ካወጡት ጥብቅ ሕግ የላላ ነው፣ የነሱንም ይሽራል። የጤና ማኅበራት ማን እንደከፈለ በየቦታው ተናገሩ። ከመቶ 70 ያህሉ መራጭ አይሆንም አለ።

በ2016 ፍሎሪዳ ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር። «ብልህ ሶላር የሚሹ ሸማቾች» የሚል ስም ያለው ቡድን የሶላር መብት ሕገ መንግሥት ውስጥ ይግባ አለ። ከኋላ ያሉት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ናቸው፣ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። የሚሰጠው መብት ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ አብሮ የተሰፋው አንቀጽ ግን ሶላር የገጠመውን ሰው ተጨማሪ ለማስከፈል በር ይከፍታል። ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት ሐሳቡን ከሚደግፍ የጥናት ተቋም የሆነ ሰው ስልቱን በጃፓን የትግል ስልት ስም «ፖለቲካዊ ጁጂትሱ» ብሎ ሲያሞግስ የተቀዳ ድምፅ ወጣ፤ የሶላርን ተወዳጅነት መልሶ ሶላር ላይ ማዞር ማለቱ ነው። 60 በመቶ ያስፈልግ ነበር፣ 51 ገደማ አግኝቶ ወደቀ።

ከነዚህ ሁለቱ ተነስተሽ «የከፋዩ ስም ከተነገረ ነገሩ ያበቃል» እንዳትይ። በ2020 ያችው ካሊፎርኒያ «ፕሮፖዚሽን 22»ን ለድምፅ አቀረበች። በስልክ መተግበሪያ የታክሲና የምግብ ማድረስ አገልግሎት የሚሰጡት ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና መሰሎቻቸው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ፤ ሹፌሮቻችን ተቀጣሪ አይባሉ፣ በግላቸው የሚሠሩ ይባሉ ነው ነገሩ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ድምፅ መስጫው ላይ ያሰፈረው ርዕስ ኩባንያዎቹን ለአንዳንድ ሹፌሮች የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም ከመስጠት ነፃ ያደርጋል የሚል ነበር። ኩባንያዎቹ ርዕሱ ይቀየርልን ብለው ከሰሱ፣ ተረቱ። መራጩ ያንን ርዕስ እያነበበ ከ58 በመቶ በላይ ሆኖ አጸደቀው። የከፈለውም ታወቀ፣ የሚጠቀመውም ታወቀ፣ ግን አለፈ። «ነፃነት»፣ «በፈለጉት ሰዓት መሥራት» የሚለው ለብዙ ሰው ባዶ ቃል አልነበረም፤ አገልግሎቱን በየቀኑ ይጠቀማል፣ ከሹፌሮቹም ውስጥ የፈለጉት ነበሩ። ስለዚህ ስም መጥራት ክርክሩን ሐቀኛ ያደርገዋል እንጂ ውጤቱን አይወስንም። ሐቀኛ ክርክር ተደርጎ ኩባንያው ሊያሸንፍ ይችላል፣ ዲሞክራሲ ነው።

ሕዝብ መምሰል ከዚህም ከፍቶ ያውቃል። በ2017 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኢንተርኔት አቅራቢዎች ድረ ገጾችን ሁሉ እኩል እንዲያስተናግዱ የሚያስገድደውን ደንብ ለማንሳት የሕዝብ አስተያየት ሲቀበል 22 ሚሊዮን ገደማ መጣለት። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2021 ባወጣችው ሪፖርት ከዚህ 18 ሚሊዮን የሚሆነው ሐሰተኛ ነው። ከ8.5 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የብሮድባንድ ኩባንያዎች በከፈሉበት ዘመቻ በሰዎች ስም የተላከ ነው፤ ከተቃራኒው ወገን ደግሞ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ብቻውን 7.7 ሚሊዮን ልኳል። የኮሚሽኑ ውሳኔ ስም ምን ነበር? «የኢንተርኔትን ነፃነት መመለስ»። ተቃዋሚዎቹም የሚጮኹት «የኢንተርኔት ነፃነት» እያሉ ነበር። ሁለቱም ወገን አንድ ቃል ሲሻማ ሰሚው ምን ይዞ ይፍረድ?

ስለ ጠቀስሻቸው ቃላት ባጭሩ። «ሥራ ፈጣሪ» የግብር ጥያቄን የሥራ ጥያቄ ያደርጋል፤ ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ቀርቶ ማን ሥራ ያጣል ወደሚለው ይዞራል። «ቢሮክራሲ ቅነሳ» ደንብን ሁሉ ወጪ ብቻ አድርጎ ይቆጥራል። በ2017 የወጣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ አንድ አዲስ ደንብ ሲወጣ ሁለት ነባር ይሰረዙ ይል ነበር (በ2021 ተሽሯል)፤ ደንቡ ማንን ከምን ይጠብቃል የሚለው ከስሌቱ አልነበረም። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ግማሽ ናቸው።

እስካሁን ያወራነው ጩኸት ስላለበት ፖለቲካ ነው። አሁን የምለው ግን ለኔ ከሁሉ ይበልጣል፦ ኩባንያ በጣም ሲሳካለት ቃል አያስፈልገውም።

በኖቬምበር 1999 አንድ ስለ ሳተላይት ቴሌቪዥን የሚያወራ የአሜሪካ ሕግ ውስጥ አንዲት አጭር አንቀጽ ገባች። የሙዚቃ ቅጂ በቅጥር እንደተሠራ ሥራ እንዲቆጠር ታደርጋለች። ትርጉሙ፣ ሙዚቀኛው ከዓመታት በኋላ መብቱን ከአሳታሚው ማስመለስ አይችልም። ስሟ ምን ነበር? «ቴክኒካዊ ማሻሻያ»። አንቀጿን ያስገባው የምክር ቤት ሠራተኛ ከወራት በኋላ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ሎቢስት፣ ማለትም ባለሥልጣናትን የሚያግባባ ወኪል፣ ሆኖ ተቀጠረ። ሙዚቀኞች ነቅተው ጮኹ፣ ታዋቂዎቹ ምክር ቤት ድረስ ቀርበው ተናገሩ፣ በ2000 አንቀጿ ተሰረዘች። ይቺ የተሰረዘችው ዝነኛ ሰው ስለነካች ነው። ዝነኛ ያልነካችውን ማን ያይልሻል?

ሌላ ልጨምርልሽ። በ2013 ኒውዮርክ ታይምስ አንድ የባንኮችን የዴሪቫቲቭ ግብይት (ዋጋው በሌላ ንብረት ዋጋ ላይ የሚመሠረት ውል መግዛትና መሸጥ) የሚመለከት የሕግ ረቂቅ ከሲቲግሩፕ ባንክ ምክረ ሐሳብ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከረቂቁ 85 መስመሮች ከ70 በላይ የሚሆኑት የባንኩን ሐሳብ የሚያንጸባርቁ ነበሩ። በ2014 መጨረሻ ተመሳሳይ ድንጋጌ በመንግሥት በጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ አለፈ። መፈክር የለም፣ የሚያለቅስ ሰው የለም፣ «ነፃነት» የለም። አሰልቺ ነው፣ አሰልቺነቱ ራሱ መከላከያው ነው።

ወደ ተቺዎቹ ስመጣ ወዳጆቼን ላስቀይም ነው። «የኩባንያ ስግብግብነት»፣ «ጥቅመኞች»፣ «የካፒታል ባሪያዎች» የሚለው ቋንቋም ያው ሥራ ይሠራል። ስግብግብነት ጠባይ ነው። ጠባይ ደግሞ የሚስተካከለው በምክር ወይም በእርግማን ነው፣ በሕግ አንቀጽ አይደለም። ሲቲግሩፕ ስግብግብ ነው ብትዪ ምን አወቅኩ? 85 መስመር፣ 70ው የሱ ብትዪኝ አንድ ነገር አወቅኩ። «ጥቅመኞች» የሚለው ደግሞ ሁሉም ተቃዋሚውን የሚጠራበት ስለሆነ ትርጉሙን ጨርሷል።

ጥሩ ምሳሌ ያየሁት ካልጠበቅሽው ሰው ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር፣ ጄኔራል የነበሩት፣ በጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ሲሰናበቱ ስለ «ወታደራዊና ኢንዱስትሪያዊ ጥምረት» አስጠነቀቁ። ማንንም ሌባ አላሉም። የሠሩት ነገር ሁለት ወገኖችን በአንድ ስም ማሰር ነው፤ ጦሩና መሣሪያ አምራቹ። ከዚያ በፊት «መከላከያ» ሲባል አንድ ወገን ብቻ ነበር የሚታየው። ከዚያ በኋላ የገዢና የሻጭ ግንኙነት መታየት ጀመረ። ስሙ ዛሬም የሚሠራው ስድብ ስላልሆነ ይመስለኛል።

እንግዲህ የትኛውን ቃል ልጠቀም ላልሽው። ቃል አልመርጥልሽም፣ ግሥሽን ግን አይልሻለሁ። የዜና አማርኛችን «ተደረገ»፣ «ተወሰነ»፣ «ተሻሻለ» ይወዳል። «የታሪፍ ማሻሻያ ተደረገ» ብለሽ ከጻፍሽ ማሻሻያው እንደ ዝናብ ከሰማይ ወረደ። «ኩባንያው ታሪፍ ጨመረ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አጸደቀ» በዪ። አድማጭሽ እንዲቆጣ አይደለም፣ ምናልባት ጭማሪው ተገቢ ነው ይል ይሆናል። ግን ማን ላይ እንደሚፈርድ ያውቃል። «ገበያው ደነገጠ»፣ «ኢንዱስትሪው ሥጋቱን ገለጸ» ሲሉሽም ማን ነው የደነገጠው፣ የቱ ኩባንያ ነው የገለጸው፣ ለማን ነው የገለጸው ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጣሽ መልስ አለማግኘትሽን ራሱን ጻፊው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ ግን አንድ ሐረግ አለ፦ «ከባለድርሻ አካላት ጋር ውይይት ተደረገ»። ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ረቂቁ የሚመለከተው ኩባንያም ባለድርሻ ነው፣ ምርቱን ገዝቶ የታመመውም ባለድርሻ ነው፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ባለድርሻ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከመቶ ሰው 90ው ከኩባንያዎቹ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። መድረኩን ያዘጋጀው ክፍል የተሳታፊዎች መመዝገቢያ ወረቀት አለው፤ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ፊርማ። አበልም ከተከፈለ ማን እንደከፈለ የሚያሳይ ሌላ ወረቀት ይኖራል። ሁለቱንም ጠይቂ። ከዚያ በጽሑፍ አስተያየት ያስገቡት እነማን እንደሆኑ ጠይቂ፣ አስተያየታቸውን ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ረቂቅ ጋር አስተያዪ፣ የተቀየረውን መስመር በቀይ አስምሪ። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ ነው። አለቃሽ «ይሄ ዜና አይሆንም» ቢልሽ የተቀየሩትን መስመሮች ቁጥር ርዕስ ላይ አድርጊና መልሰሽ አሳዪው።